ቀለሙን ማን አጓጓዘው? የቅንጣቶችን የዘፈቀደ እንቅስቃሴ በክፍል ውስጥ ማሳየት

በፊዚክስ ክፍል በብዛት ከሚሠሩ ሙከራዎች አንዱ ይህ ነው። መምህሩ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያዘጋጃል፤ አንዱ ቀዝቃዛ፣ ሌላው ሙቅ። በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ጠብታ ቀለም ያንጠባጥባል። በሙቁ ውሃ ውስጥ ቀለሙ ወዲያው ይበተናል፤ በቀዝቃዛው ግን እንደ ክር እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከዚያም ሰሌዳው ላይ «ቅንጣቶች በዘፈቀደ ይንቀሳቀሳሉ፤ ሙቀት ሲጨምር እንቅስቃሴያቸው ይፈጥናል» ተብሎ ይጻፋል። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። ችግሩ ያለው ብርጭቆው ውስጥ ነው፤ ተማሪው በዓይኑ ያየው ነገርና ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ነገር አይገናኙም።

ተማሪው ያየው በአብዛኛው የውሃ ፍሰት ነው። የቀለሙ ጠብታ ከውሃው ትንሽ ስለሚከብድ ይሰምጣል፤ ሲወድቅም ውሃውን ያናውጠዋል። ሙቁ ውሃ ደግሞ አየር የሚነካው ገጹና ብርጭቆውን የሚነካው ዳሩ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ። የቀዘቀዘው ሲወርድ ያልቀዘቀዘው ይወጣል፤ በዚህም ብርጭቆው ውስጥ የሚዞር ጅረት ይፈጠራል። ቀለሙን የሚያጓጉዘው ይህ ጅረት ነው። ውሃው ፍጹም ረግቶ፣ የቀለሙ ሞለኪውሎች ከውሃ ሞለኪውሎች ጋር በመጋጨት ብቻ የሚራመዱ ቢሆን ኖሮ አንድ ሴንቲ ሜትር ለመራቅ አንድ ቀን ያህል፣ እንደ ቀለሙ ዓይነትም ከዚያ በላይ፣ ይፈጅባቸው ነበር። የክፍለ ጊዜው ደወል ግን ያን ያህል አይታገሥም።

ተመሳሳይ ጉድለት ያለባቸው ሌሎች ሁለት ምሳሌዎችም አሉ። አንደኛው በመስኮት በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚደንሰው ብናኝ ነው። ያ ብናኝ ለሞለኪውሎች ግጭት እጅግ ግዙፍ ነው፤ የሚያስደንሰው የአየር ንፋስ ብቻ ነው። ሁለተኛው የቡና ሽታ ነው። ቡናው ጓዳ ሲቆላ ሽታው ሳሎን ላለው እንግዳ በአፍታ ይደርሰዋል፤ ይህም «የሞለኪውሎች መሰራጨት» ተብሎ ይማራል። የአየር ሞለኪውሎች በሴኮንድ 500 ሜትር ገደማ እንደሚበርሩ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ያሳምናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚሄደው ርቀት 0.00007 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ይጋጫል፤ በተጋጨ ቁጥርም አቅጣጫውን ይስታል። በዚህ መንገድ ብቻ የሚጓዝ ሽታ አምስት ሜትር ርቆ ክፍሉን እስኪያዳርስ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። እንግዳውን ከዚህ ጥበቃ ያዳነው ከምጣዱ የሚነሳው ሙቅ አየርና የሚወጣ የሚገባው ሰው የሚፈጥረው ንፋስ ነው።

እነዚህን ሙከራዎች ከክፍል ይውጡ አልልም፤ ለዓይን ያምራሉ፣ ርካሽ ናቸው። ነገር ግን የፍሰት ማሳያ መሆናቸው ሊነገር ይገባል። የዘፈቀደ እንቅስቃሴን ለማሳየት ከተፈለገ ሁለት የተሻሉ መንገዶች አሉ። አንዱ ማይክሮስኮፕና ጥቂት ወተት ይጠይቃል። ሌላው ከሳንቲም በቀር ምንም አይጠይቅም። ሁለቱ አብረው ቢሠሩ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያስረዳል።

የብራውን ጥርጣሬ

እ.ኤ.አ. በ1827 ሮበርት ብራውን የተባለ ስኮትላንዳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ክላርኪያ ፑልኬላ ከምትባል አበባ የወሰደውን ፖለን፣ ማለትም የአበባ ብናኝ፣ ውሃ ውስጥ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። በውሃው ውስጥ ደቃቅ ቅንጣቶች ያለማቋረጥ ሲንቀጠቀጡ አየ። በብዙ መጻሕፍት «ፖለኑ ሲንቀጠቀጥ አየ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይህ ትክክል አይደለም። የዚያች አበባ ፖለን ስፋት የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ስለሆነ በዓይን የሚታይ ንቅናቄ ሊያሳይ አይችልም። ብራውን ያያቸው ከፖለኑ ውስጥ የወጡ፣ ከሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ የማይበልጡ ቅንጣቶች ናቸው።

ብራውንን የሚያስደንቀኝ ማየቱ አይደለም፤ ከእርሱ በፊትም ያዩ ነበሩ። የሚያስደንቀኝ የቀረበችለትን ቀላል መልስ አለመቀበሉ ነው። ነገሩ የተገኘው በተክል የመራቢያ አካል ውስጥ ስለሆነ «ይህ የሕይወት እንቅስቃሴ ነው» ማለት በጣም ይማርክ ነበር። እርሱ ግን ከደረቁ ብዙ ዘመን የሆናቸውን ዕፅዋት ሞከረ፤ ተንቀጠቀጡ። የመስታወት ዱቄት ሞከረ፤ ተንቀጠቀጠ። የድንጋይ ዱቄት፣ በመጨረሻም ከግብፁ ስፊንክስ የተወሰደ ስባሪ ሳይቀር ፈጭቶ አየ፤ እርሱም ተንቀጠቀጠ። ድንጋይ ሕይወት የለውም። ምናልባት ውሃው ሲተን የሚፈጠር ጅረት ይሆን ብሎም ጠረጠረ፤ ስለዚህ አንድ ቅንጣት ብቻ የያዘች የውሃ ጠብታ በዘይት ውስጥ አድርጎ መትነን እንዳትችል አደረጋት። ቅንጣቷ አሁንም አላረፈችም። ምክንያቱን ሳያውቅ፣ ምክንያት ያልሆኑትን ግን አንድ በአንድ አስወግዶ ተወው።

በቀለሙ ብርጭቆ ሙከራ የጎደለው ይህ የብራውን ጥያቄ ነው። «ጅረት ይሆን?» ብሎ የጠየቀ የለም።

ወተቱን ማዘጋጀት

ወተት ውስጥ ያለው ቅባት በውሃው ውስጥ የተበተኑ ድቡልቡል ጠብታዎች ነው። ትልልቆቹ ብዙ ማይክሮሜትር ይሰፋሉ፤ ትንንሾቹ ከአንድ ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያንሳሉ። ለዚህ ሙከራ የሚፈለጉት ትንንሾቹ ናቸው። ከላም የታለበ ወተት በማቀዝቀዣ ካደረ ትልልቆቹ ጠብታዎች ክሬም ሆነው ይንሳፈፋሉ፤ ስለዚህ ከሥር መቅዳት ነው። ፋብሪካ ያለፈና ቅባቱ እንዲደቅ የተደረገ የታሸገ ወተት ከሆነ ይህም አያስፈልግም። የረጋ ወይም መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ግን አይሆንም፤ ይጓጉላል።

አንድ ጠብታ ወተት በአንድ የሻይ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይበረዛል። ውሃው ጥቂት ደብዘዝ ይላል እንጂ ነጭ አይመስልም፤ እንዲህ መሆን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ ቅንጣቶቹ ተጨናንቀው አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታል። ከዚህ አንድ ጠብታ በስላይድ ላይ ይደረግና በስሱ መሸፈኛ መስታወት ይሸፈናል። ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ የመሸፈኛው ዙሪያ በቫዝሊን መታሸግ አለበት። ካልታሸገ ውሃው በዳር እየተነነ የመሃሉን ወደ ዳር ይስባል፤ ያ ጅረትም ሁሉንም ቅንጣቶች ጠርጎ ይወስዳቸዋል። ከታሸገ በኋላ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል።

በ400 እጥፍ ማጉያ ማየት ይቻላል። የቅባቱ ጠብታዎች ብርሃን አሳላፊ ስለሆኑ መብራቱ ሲበዛ ይጠፋሉ፤ ከስላይዱ ሥር ያለውን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ማጥበብ ጠርዛቸውን ያጎላዋል። መጀመሪያ ላይ ተማሪው «ምንም የለም» ይላል። ትንሽ ሲቆይ ግን አንዲቱን ጠብታ መርጦ ዓይኑን ሲያሳርፍባት፣ ባለችበት ትንቀጠቀጣለች፤ ወደ ግራ ጥቂት ትሄድና ትመለሳለች፤ ከዚያ ሳይታሰብ ወደ ላይ ታፈነግጣለች።

አሁን የብራውንን ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል። ጅረት ቢሆን ጎረቤታሞች አብረው ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ። እዚህ ግን ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ጠብታዎች አይተዋወቁም፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲል ሌላው ወደ ታች ይላል። ጅረት ቢሆን ትልቁም ትንሹም እኩል ይወሰዳሉ። እዚህ ግን ትንሹ አብዝቶ ሲቁነጠነጥ ትልቁ የተኛ ይመስላል። ደግሞም ጅረት ይደክማል፤ የታሸገው ስላይድ ግን ከሰዓታት በኋላም ሲታይ እንደዚያው ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩ ተመራማሪዎችን እንቅልፍ ነስቶ ነበር። የሚገፋው ሳይኖር የማይቆም ነገር እንዴት ይኖራል?

በትምህርት ቤቶች ከወተት ይልቅ ጭስ መጠቀምም የተለመደ ነው። ትንሽ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ከሚጨስ ገመድ ወይም ወረቀት ጥቂት ጭስ ይገባና ከጎን ብርሃን ይበራበታል፤ የጭሱ ቅንጣቶች በጨለማ ላይ እንደሚያበሩ ነጠብጣቦች ሆነው ሲዘልሉ ይታያሉ። በአየር ውስጥ ንቅናቄው ከውሃው ይልቅ ፈጣንና የሚማርክ ነው። ይሁን እንጂ የመብራቱ ሙቀት በቀላሉ ንፋስ ይፈጥራል፤ ለጀማሪ ወተቱን እመርጣለሁ።

ማን ይገፋታል?

የቅባቷን ጠብታ የሚገፏት የውሃ ሞለኪውሎች ናቸው። አንድ የውሃ ሞለኪውል በክፍል ሙቀት በሴኮንድ 600 ሜትር ገደማ በሆነ አማካይ ፍጥነት ይወራጫል፤ እንደ አየሩ ሁሉ ሩቅ ሳይሄድ ይጋጫል። ጠብታዋ ከሁሉም አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ትመታለች። እዚህ ላይ ተማሪ የሚጠይቀው ጥያቄ ትክክል ነው፤ «ከሁሉም በኩል እኩል ከተመታች ለምን ትንቀሳቀሳለች?»

መልሱ «እኩል» በምትለው ቃል ውስጥ አለ። በጥምቀት ሰልፍ መሃል የቆመ ሰው ወዴትም መሄድ ሳይፈልግ አንዴ በግራ ትከሻው፣ አንዴ በቀኙ ይገፋል። በአማካይ ግፊያው ከሁሉም በኩል እኩል ነው፤ በየቅጽበቱ ግን ወይ በዚህ ወይ በዚያ በኩል ጥቂት ይበልጣል፤ ሰውየውም በዚያች ትርፍ ይንገዳገዳል። ጠብታዋን የሚያንቀጠቅጣት ይህ ትርፍ ነው። በምሳሌው ግን አንድ ልዩነት መታወስ አለበት፤ ሰልፈኛው ይደክመዋል፣ ወደ ቤቱም ይሄዳል፤ የሞለኪውሎቹ ወከባ ግን ሙቀት ብለን የምንጠራው ራሱ ስለሆነ ውሃው ሙቀት እስካለው ድረስ አያባራም።

ትሪ ላይ ጨሌ በትኖ መሃሉ አንድ ትልቅ ኳስ አስቀምጦ ትሪውን ማነቃነቅም ይህንኑ ለማሳየት ይጠቅማል። ነገር ግን ትሪውን የሚያነቃንቅ እጅ መኖሩ ዋናውን እንቆቅልሽ ይደብቀዋል። በስላይዱ ላይ የማንም እጅ የለም።

ዘውድ ወይስ ጎፈር

የዘፈቀደ እንቅስቃሴ ሕግ የሌለው መስሎ ይታያል። ጠብታዋ ቀጥላ ወዴት እንደምትሄድ ማንም ሊናገር አይችልም። ሆኖም በስንት ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደምትርቅ በቁጥር መተንበይ ይቻላል፤ በእኔ እይታ ክፍል ውስጥ መታየት ያለበት ትልቁ ነገር ይህ ነው። ለዚህ ሳንቲም ይበቃል።

የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በኖራ እኩል የተራራቁ ትይዩ መስመሮች ይሰመራሉ። ተማሪዎቹ ሁሉ በመሃለኛው መስመር ላይ ይሰለፋሉ። እያንዳንዱ ሳንቲሙን ይወረውራል፤ ዘውድ ከሆነ አንድ መስመር ወደ ፊት፣ ጎፈር ከሆነ አንድ መስመር ወደ ኋላ ይሄዳል። ይህን አሥራ ስድስት ጊዜ ይደግማል። ከመጀመሩ በፊት የት የሚደርሱ እንደሚመስላቸው መጠየቅ ጥሩ ነው። ግማሾቹ «ሁላችንም መነሻው ላይ እንቀራለን» ይላሉ፤ ግማሾቹ «ሜዳውን እንሞላዋለን» ይላሉ።

ሃምሳ ተማሪዎች ካሉ የሚጠበቀው ይህን ይመስላል። አሥር ያህሉ መነሻቸው ላይ ተመልሰው ይቆማሉ። አርባ ያህሉ፣ እነዚያን አሥሩን ጨምሮ፣ ከመነሻው ከአራት መስመር ያልበለጠ ይርቃሉ። ዘጠኝ ወይም አሥር ተማሪዎች ስድስተኛው ወይም ስምንተኛው መስመር ላይ ይገኛሉ። አሥረኛውን መስመር የሚነካ ወይም የሚያልፍ አንድ ተማሪ ቢገኝ ነው። ሌላም የሚያስቅ ነገር ይታያል፤ በአንደኛው፣ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው መስመር ላይ ማንም አይቆምም። ውርወራው ሙሉ ቁጥር ጊዜ፣ ለዚያውም ለሁለት የሚካፈል ስለሆነ ጎዶሎ መስመር ላይ መጨረስ አይቻልም። ጎዶሎ መስመር ላይ የቆመ ካለ ቆጠራ ስቷል ማለት ነው፤ መምህሩ ማን እንደተሳሳተ በአንድ እይታ ያውቃል።

አሁን ወደ ስሌቱ። የሁሉንም ቦታ ፊትን ፖዘቲቭ፣ ኋላን ኔጋቲቭ አድርገን ብንደምር አማካዩ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ክፍሉ በጅምላ የትም አልሄደም። ስለዚህ እያንዳንዱን ርቀት በራሱ እናባዛለን፤ ኔጋቲቩም ፖዘቲቭ ይሆናል። የእነዚህ ብዜቶች አማካይ ወደ 16 ይጠጋል። 16 ደግሞ የውርወራው ብዛት ነው። የ16 ዳግም ዘር 4 ስለሆነ «የተለመደው ርቀት» አራት መስመር ነው። በ64 ውርወራ ስምንት መስመር ይሆናል እንጂ አሥራ ስድስት አይሆንም። ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ጊዜው አራት እጥፍ መሆን አለበት።

ለምን እንዲህ እንደሆነ በሦስት መስመር ሊረጋገጥ ይችላል፤ ተማሪዎች ሳያዩት ባይወጡ ጥሩ ነው። አንድ ተማሪ አምስተኛው መስመር ላይ ቆሟል እንበል፤ የርቀቱ ብዜት 25 ነው። ከቀጣዩ ውርወራ በኋላ ወይ ስድስተኛው ላይ ይሆናል፣ ብዜቱ 36፤ ወይ አራተኛው ላይ፣ ብዜቱ 16። የ36 እና የ16 አማካይ 26 ነው። አንድ ጨመረ። ከሦስተኛው መስመር ቢነሳስ? 9 የነበረው ወይ 16 ወይ 4 ይሆናል፤ አማካዩ 10። አሁንም አንድ ጨመረ። ከየትም ይነሳ ከየት፣ እያንዳንዱ ውርወራ በአማካዩ ላይ አንድ ይጨምራል፤ ከዚህ አይበልጥም፣ አያንስም። ስለዚህ ከአሥራ ስድስት ውርወራ በኋላ 16 ነው።

ይህችው ሳንቲም ያልተፈጨ ትልቅ ድንጋይ ለምን እንደማይንቀጠቀጥም ትናገራለች። በመቶ ውርወራ በዘውድና በጎፈር መካከል የሚኖረው የተለመደ ልዩነት አሥር ያህል ነው፤ ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ። በሚሊዮን ውርወራ ልዩነቱ አንድ ሺህ ያህል ይሆናል፤ ይህ ግን ከጠቅላላው አንድ ሺህኛ ብቻ ነው። የሚመታው አካል በተለቀ ቁጥር ምቱ ይበዛል፣ ትርፉ ግን ከጠቅላላው አንጻር እየመነመነ ይሄዳል፤ የሚገፋው ክብደትና የውሃው ተቃውሞም ይጨምራል። በወተቱ ውስጥ ትንሹ ሲቁነጠነጥ ትልቁ የተኛ የመሰለው ለዚህ ነው።

ከሜዳው ወደ ስላይዱ

እ.ኤ.አ. በ1905 በስዊዘርላንድ በርን ከተማ የፓተንት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረው የ26 ዓመቱ አልበርት አይንስታይን ይህን ሐሳብ በውሃ ውስጥ ለተንሳፈፈ ቅንጣት ሠራው። አንድ ማይክሮሜትር የሚሰፋ ቅንጣት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 0.8 ማይክሮሜትር፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 6 ማይክሮሜትር ያህል እንደሚርቅ አሰላ። ቁጥሮቹን ልብ በሉ፤ ጊዜው ስልሳ እጥፍ ሲሆን ርቀቱ ስምንት እጥፍ እንኳ አልሞላም። በዚያ ጽሑፍ አይንስታይን ስለ ብራውን እንቅስቃሴ የደረሰው መረጃ ትክክለኛ ስላልሆነ እርሱ ያሰላው እንቅስቃሴና ብራውን ያየው አንድ መሆናቸውን መፍረድ እንዳልቻለ ጽፏል።

ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች የተሳናቸው የቅንጣቱን ፍጥነት ለመለካት በመሞከራቸው ነው። ሳንቲሙን እናስታውስ፤ በ16 ውርወራ አራት መስመር የራቀ ሰው «ፍጥነቱ» በውርወራ ሩብ መስመር ነው፤ በ64 ውርወራ ስምንት መስመር ሲርቅ ግን አንድ ስምንተኛ ይሆናል። የመለኪያው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ባጠረ ቁጥር ይጨምራል። ሁለት ተመራማሪዎች በተለያየ የጊዜ ርዝመት ለክተው የማይስማማ መልስ ቢያገኙ ማናቸውም አልተሳሳቱም፤ ጥያቄው ነው የተሳሳተው። የሚለካው የተጓዘው መንገድ አይደለም፤ በመነሻና በመድረሻ መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት ነው።

በዚያው ዓመት ካርል ፒርሰን የተባለው እንግሊዛዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በዘፈቀደ የሚራመድ ሰው የት ሊደርስ እንደሚችል ለሳይንስ አንባቢያን ጥያቄ አቅርቦ ነበር። እርሱን ያሳሰበው ሞለኪውል አልነበረም፤ ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ ከመራቢያ ቦታዋ ምን ያህል ርቃ ልትዛመት እንደምትችል ማስላት ነበር።

የአይንስታይንን ትንበያ በስላይድ ላይ ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ዣን ፔሪን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ፣ ጋምቦጅ ከሚባል ቢጫ የዛፍ ሙጫ የሠራቸውን እኩል መጠን ያላቸው ደቃቅ እንክብሎች ቦታ በየ30 ሴኮንዱ እየመዘገበ፣ ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር እያገናኘ ሣለ። እያንዳንዷ ቀጥታ መስመር ራሷ ብትመረመር በውስጧ እንደ ሙሉው ሥዕል የተሰባበረ ሌላ መንገድ እንደሚገኝም አስጠንቅቋል። የልኬቱ ዋጋ ይህ ነው፤ በአይንስታይን ቀመር ውስጥ የአቮጋድሮ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሞል ነገር ውስጥ ያሉ ሞለኪውሎች ብዛት፣ አለ። ስለዚህ በሰዓትና በማስመሪያ የእንክብሎቹን ርቀት የለካ ሰው፣ በዓይን ሊያያቸው የማይችላቸውን ሞለኪውሎች ቆጠረ ማለት ነው። ፔሪን ያገኛቸው ቁጥሮች ዛሬ ከምንጠቀምበት 6.022 በ10 ርቢ 23 እምብዛም የራቁ አልነበሩም። አቶም የሚባል ነገር መኖሩን እስከዚያ ድረስ የተጠራጠረው የታወቀው ኬሚስት ቪልሄልም ኦስትቫልድ ሐሳቡን ለወጠ። ፔሪን እ.ኤ.አ. በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘ።

የፔሪንን ሥራ ክፍል ውስጥ መድገም አያስቸግርም። የስልክ ካሜራ በማይክሮስኮፑ መመልከቻ ላይ ተደግኖ ጥቂት ደቂቃ ይቀረጻል። ቪዲዮው በኮምፒውተር ይከፈታል፤ ስክሪኑ ላይ ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ ይለጠፍና በየ30 ሴኮንዱ የአንዷ ጠብታ ቦታ በእስክሪብቶ ይነጠባል። የሁሉም የ30 ሴኮንድ ርቀቶች በራሳቸው ተባዝተው አማካያቸው ይወሰዳል፤ የሁለት ደቂቃ ርቀቶችም እንዲሁ። የሁለተኛው አማካይ ከመጀመሪያው አራት እጥፍ፣ ዳግም ዘሩም ሁለት እጥፍ ሆኖ መገኘት አለበት። እዚህ ማይክሮሜትር ማወቅ አያስፈልግም፤ በማስመሪያ የተለካ ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ የሚነጻጸረው እጥፉ ብቻ ነውና። ጥቂት ጅረት ከቀረ የአንዷን ጠብታ ቦታ ከሌላዋ አንጻር መለካት ይበጃል፤ ጅረቱ ሁለቱንም እኩል ስለሚወስድ ይሰረዛል። አንዲት ጠብታ ብቻ ከተለካች ውጤቱ በጣም ሊዛነፍ ይችላል። የብዙ ቡድኖች ልኬት ሲደመር ነው ሕጉ ብቅ የሚለው።

ሙቀቱስ? ውሃው ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ የጠብታዋ የተለመደ ርቀት በአንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ከዚህ ውስጥ ከሞለኪውሎቹ የጨመረ ኃይል በቀጥታ የሚመጣው ትንሹ ነው። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የውሃው ዝልግልግነት ከግማሽ በታች መውረዱ ነው፤ ውሃው ራሱ ቀጥኖ መንገድ ይለቃል። በሁለቱ ብርጭቆዎች መካከል የታየው ያ ሁሉ ልዩነት ግን አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ አልነበረም፤ የቀረው የጅረቱ ሥራ ነው።

ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ የሚሆንበት ይህ ሕግ በአካላችን ውስጥም ይሠራል። በውሃ ውስጥ ያለ የኦክስጅን ሞለኪውል አንድ ማይክሮሜትር ለመራቅ ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ በሳንባ ውስጥ አየርና ደም የሚለያዩበት ግድግዳ ከዚህ ብዙም ስለማይወፍር ኦክስጅኑ ሌላ አጓጓዥ ሳይፈልግ ያልፋል። አንድ ሴንቲ ሜትር ለመራቅ ግን ሰባት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። ከደረት እስከ እግር ጣት ያለውን ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ርቀት በዘፈቀደ ግጭት ብቻ ይለፈው ቢባል አሥር ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ልብ የምትገፋው ደም ግን በእረፍት ላይ ባለ ሰው አካል ውስጥ አንድ ዙር በአንድ ደቂቃ ያህል ያዳርሰዋል።